ክንፍ ያነባበረ አውሮፕላን ፍለጋ፦ ከባሕር ዳር እስከ ጉና ግርጌ

ሰው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግድ ወይም ለጠበል መንገድ ይወጣል። እኔ በኅዳር ወር ከባሕር ዳር ተነስቼ ወደ ደቡብ ጎንደር የወጣሁት አንድ የአሉሚኒየም ቁራጭ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ለማየት ነበር። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ከሽንኩርት መክተፏ ቀና ሳትል «ቀለም ባሕር ዳር ጠፋ?» አለችኝ። ሻንጣዬን ማዘጋጀት ቀጠልኩ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እንጀራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። ትርፍ ጊዜዬን ግን የድሮ ተዋጊ አውሮፕላኖችን አሳንሼ ስገጣጥም አሳልፋለሁ። ትልቁን አርባ ስምንት ጊዜ ያህል ታሳንሰውና መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ይሆናል። ከሁሉም የምወደው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ጣሊያኖች በእኛ ሰማይ ላይ ያበሩት የነበረውን ሲ.አር. 42 የተባለውን ነው። አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፤ ሁለት ክንፎቹ አንዱ ከሌላው በላይ ተነባብረዋል። ዓለም ወደ ነጠላ ክንፍ እያለፈ በነበረበት ጊዜ የተሠራ፣ ገና ሲወለድ ያረጀ አውሮፕላን ነው ማለት ይቻላል። ምናልባትም የምወደው ለዚሁ ይሆናል።

ከሩቅ ለሚያይ አውሮፕላን ሁሉ አውሮፕላን ነው። ሞዴል ለሚሠራ ሰው ግን ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። አንዱ ዓይነት አፍንጫው ሹል፣ ሌላው ድቡልቡል ነው። አንዱ ጎማው ላይ መሸፈኛ አለው፤ የሌላውን መካኒኮቹ ጭቃ ሲያስቸግራቸው ነቅለው ጥለውታል። ቀለሙ ደግሞ እንደየጦር ሜዳው ይለያያል፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ስለ ቀለም የሚናገረው ነገር የለም። ሞዴሌ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ቀለም ሳይቀባ መደርደሪያዬ ላይ የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነበር። ገምቶ መቀባት ይቻላል፤ እኔ ግን ግምት አልወድም።

እንዲህ እያለሁ ይልቃል ከጣሊያን አውሮፕላን የቀረ ነው የሚለውን ብረት ፎቶ ላከልኝ። ይልቃል ደብረ ታቦር ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር የደሴ ልጅ ነው፤ የተዋወቅነው ይህንኑ ሞዴል የሚሉትን አባዜ በሚጋሩ ሰዎች የቴሌግራም ቡድን ነው። ፎቶው ጨለማ ቤት ውስጥ በስልክ የተነሳ ነው። የዶሮ ማደሪያ ላይ የተከደነ የጎበጠ ብረት ይታያል፤ ላዩ ላይ ኩስ፣ ከኩሱ ሥር ደግሞ የተላላጠ ቀለም። በስልክ ፎቶ ቀለም አይታመንም። «የብረቱ ባለቤት፣ ‹በፈለጉት ቀን ሳይሆን እኔ በምለው ቀን ይምጡ› ይላሉ» ብሎ ጻፈልኝ። ቀኑን ለምን እንደመረጡ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።

መንገድ

በማለዳ መናኸሪያ ደረስኩ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሁለት ሰው ጠይቄ ካረጋገጥኩ በኋላ የደብረ ታቦር ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ሞዴሉን ከብረቱ ጋር ላስተያየው ስለፈለግሁ በጥጥ ጠቅልዬ በጫማ ካርቶን ይዤዋለሁ። ረዳቱ ካርቶኑን ከላይ ካልጫንኩ ብሎ ሞገተኝ፤ ጭኔ ላይ እንደማስቀምጠው ስነግረው የአንድ ሰው ቦታ የያዝኩ ይመስል ገላመጠኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴት የሐሙሲት ነጋዴ ናቸው፤ ባዶ ዘንቢሎቻቸውን አጣጥፈው ከእግራቸው ሥር አድርገዋል። ካርቶኑን እንዴት አቅፌ እንደያዝኩት ሲያዩ ቆይተው፦

«እንቁላል ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እናቴ፤ አውሮፕላን ነው።»

ትንሽ አሰቡበት። «አውሮፕላን ይዘህ ምነው በመኪና ትሄዳለህ?»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሐሙሲት የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በበግ፣ በአህያና በባጃጅ ተጨናንቆ ለመውጣት ብዙ ደቂቃ ፈጀብን። ሴትዮዋ ሲወርዱ «አደራህን እንዳይበርብህ» ብለውኝ ሄዱ።

ከሐሙሲት በኋላ የፎገራ ሜዳ ነው። የሩዙ አጨዳ ተጀምሯል፤ ነዶው በየማሳው ተከምሯል፤ የመንገድ ዳር ልጆች ሽንኩርት በጆንያ አሰልፈው ይሸጣሉ። ወረታ ላይ ጎንደር የሚሄደውን አስፋልት ትተን ወደ ምሥራቅ ታጠፍን፤ ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። አለም በርን አልፈን ትንሽ እንደወጣን አንድ ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ መታወቂያዬን አይቶ ሲመልስ ካርቶኑን ክፈት አለኝ። ከፈትኩ። ጥጡን ገለጥ አድርጎ ክንፎቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ድሮን ነው?»

ኋላዬ የነበረው ተሳፋሪ ወደ ሚኒባሱ ተመለሰ። ረዳቱ እንኳ ከእኔ አንድ እርምጃ ራቅ ሲል አየሁት።

«አይደለም፤ የፕላስቲክ ሞዴል ነው።»

«ይበራል?»

«አይበርም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

ለዚህ ጥያቄ ዕድሜ ልኬን መልስ አጥቼለት ነው የኖርኩት። «አሻንጉሊት ነው» አልኩት። አንድ ጊዜ ወደ ካርቶኑ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሽበቴ ተመለከተና በእጁ እለፍ አለኝ። ከፍርሃቴ ይልቅ ያቺ ቃል ከአፌ መውጣቷ አበሳጨኝ። 

ደብረ ታቦር

ደብረ ታቦር ስንደርስ ብርዱ ቀድሞ ተቀበለን። ይልቃል ከመናኸሪያው በር ላይ ሹራብ ደርቦ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ልጅ ነው። ማደሪያ ካስያዘኝ በኋላ ከገበያው አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ገብተን ትኩስ ሻይና የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አዘዝን። የጉና ድንች የሚባለው ዝና ያለው በምክንያት ነው። ሁለታችን የበላነውና የጠጣነው ባሕር ዳር አንድ ቡና ጠጥቼ ከምከፍለው ብዙም አይበልጥም።

«ጋሼ፣ አንድ ሳልነግርዎት የቀረሁት ነገር አለ» አለ ይልቃል። «የብረቱ ባለቤት አያ ሞላ የጠሩዎት ስለ ቀለም አይደለም። ስለ አባታቸው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ሞላ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ የጉና ግርጌ ገበሬ ናቸው። አባታቸው አያ ተሰማ በወጣትነታቸው፣ የጣሊያን ጊዜ ሊያልቅ ሲል፣ ከመንደሩ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ወድቆ አይቻለሁ ይሉ ነበር። ሌላው ሰው ያየው ጭሱን ነው፤ ሮጠው የደረሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። መትቼ ጣልኩት አላሉም፤ አየሁ ነው ያሉት። ያንን ብረት ይዘው ተመለሱ፤ የቀረው እዚያው ተቃጠለ። በኋላ አገር ሰላም ሆኖ መንደርተኛው ባሕር ዳር እየወረደ እውነተኛ አውሮፕላን ማየት ሲጀምር ግን፣ የአያ ተሰማ ወሬ አልገጥም አለ። እሳቸው ክንፉ በክንፍ ላይ የተደረበ ነው ይላሉ። ሰዎቹ ያዩት ግራና ቀኝ አንድ አንድ ክንፍ ያለው ነው። ስለዚህ ሰውየው ውሸታም ተባሉ፤ ብረቱም የተገለበጠ የጭነት መኪና ጭቃ መከላከያ ነው ተባለ። እስከ ዛሬ በዚያ መንደር አንድ ሰው ወሬ ሲያጋንን «የተሰማን አውሮፕላን አመጣኸው» ይሉታል።

«ልክ ነበሩ እኮ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለወጣ ሻይ ቀጂዋ ዞራ አየችን።

«እኔም ይህንኑ ለአያ ሞላ ነገርኳቸው። የልጅ ወሬ ብለው ተዉኝ። ትልቅ ሰው፣ ሥራዬ ብሎ የሚያጠና ሰው ይምጣ አሉ። ለእሳቸው ነገሩ የአባት ስም ነው።»

ማታ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር ስለ አያ ተሰማ ስም ብዙም አልተጨነቅሁም። የማስበው ስለ ቀለሙ ነበር።

ጉና ግርጌ

በማግስቱ ወደ ክምር ድንጋይ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረን ከከተማዋ ሳንደርስ መንገድ ላይ ወረድን። ከዚያ በእግር ነው። ገብሱ ታጭዷል፤ ላሞች ገለባው ላይ ተሰማርተዋል፤ ጉና ራሱን በደመና ሸፍኗል። ይልቃል እንደ ፍየል ይወጣል፤ እኔ ካርቶኔን ታቅፌ በየመቶ እርምጃው እየቆምኩ «መልክዓ ምድሩን ልይ» እላለሁ። ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ጨዋ ልጅ ነው።

የአያ ሞላ ቤት በባሕር ዛፍ የታጠረ ባለ ቆርቆሮ ነው። ግቢው ተጠርጓል፤ ደጃፉ ላይ ጣሳና ዋንጫ ታጥቦ ተደፍቷል፤ የጠላው ጋን ከጓዳ ወጥቷል። የአንድ እንግዳ መስተንግዶ አይመስልም። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ እጄን ይዘው ጉልበቴን ሊስሙ ሲሉ ተከላከልኩ። አያ ሞላ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» ብለውኝ ወደ ውስጥ መሩኝ።

መደቡ ላይ በአዲስ ነጠላ የተሸፈነ ነገር አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላውን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ገለጡት።

ብረቱ ያበራል። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ላዩ ላይ አርፎ ጣሪያው ላይ ይወዛወዛል። አንዲት የቀለም ነቁጥ የለችበትም።

«የዶሮ ኩስ ነበረበት» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ በኩራትና በእፍረት መካከል ሆነው። «ከባሕር ዳር ድረስ ሰው ሊያየው ይመጣል ቢሉኝ፣ በምን ዓይኔ እንዲህ ሆኖ አቀርበዋለሁ ብዬ በአሸዋና በአመድ ፈተግሁት። ያ የተጣበቀበት ነገር እንዴት ያለ ችኮ ነው! እንቢ ብሎኝ ነበር።»

የተጣበቀበት ነገር ያሉት እኔ የመጣሁበት ነው። ሰማንያ ዓመት ያህል ዝናብ፣ ጭስና ዶሮ ያልቻሉትን ቀለም እንግዳ ማክበር በአንድ ውሎ ጨረሰው። ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ ንዴቴ አሳፈረኝ፤ የጣቶቻቸው ጫፍ ተልጦ ነበር። ይልቃል ግድግዳውን ያያል።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አልኩ። «መስታወት አስመሰሉት እኮ።»

ፊታቸው በራ። እኔም ጎንበስ ብዬ የቀረኝን ነገር ማየት ጀመርኩ፤ ቅርጹን።

ቅርጹ ብዙ ይናገራል። ብረቱ ቀላል ነው፤ በአንድ እጅ ይነሳል፤ የጭነት መኪና እንዲህ ያለ ብረት አይለብስም። ጠርዙ ላይ የጥቃቅን ብሎን ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ እንደ እንባ ዘለላ ያበጠ ነገር አለው። የሲ.አር. 42 ሞተር ክብ ነው፤ ሲሊንደሮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ የሚሸፍናቸው ቀለበት ጠባብ ስለሆነ የእያንዳንዱ ሲሊንደር አናት ያለበት ቦታ ላይ እብጠት ይሠሩለታል። ሹል አፍንጫ ባለው በቀደመው ዓይነት ላይ ይህ የለም። ከእትዬ ጥሩወርቅ ክር ተቀብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠርኩ፤ የጎበጠው ብረት መሐሉ ከክሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ለካሁ፤ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ክቡ ምን ያህል ስፋት እንደሚኖረው አሰላሁ። የሞዴሌን ቀለበት አርባ ስምንት ጊዜ አባዝቼ አስተያየሁት። ገጠመ።

«አያ ሞላ፣ ይህ የመኪና አይደለም» አልኳቸው። «የአውሮፕላን ነው። ያውም ክንፍ በክንፍ ላይ ያለው።»

እንደሚደሰቱ ጠብቄ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ፊታቸው አልተፈታም።

«እሱን ለእኔ አትንገረኝ» አሉ። «ዛሬ የማርያም ማኅበር ነው፤ ተረኛው እኔ ነኝ። አገሬው እዚህ ይሰበሰባል። ለእነሱ ትነግራቸዋለህ።»

ቀኑን ለምን እንደመረጡት ያኔ ገባኝ።

ማኅበሩ

ከቀትር በኋላ ማኅበርተኞቹ መጡ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፤ ጽዋው ዞረ፤ ጠላ ተቀዳ። እንጀራው የገብስ ነው፤ ሽሮው ጥሩ ተቁላልቷል። ሰው በልቶ ሲጠግብ አያ ሞላ ተነሱ። ብረቱን ከነነጠላው አምጥተው በርጩማ ላይ አስቀመጡትና «ይህ እንግዳ የሚለውን ስሙልኝ» ብለው ተቀመጡ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እኔም ሞዴሌን ከካርቶኑ አውጥቼ ከብረቱ አጠገብ አኖርኩት። ስለ ክቡ ሞተር፣ ስለ እብጠቱ፣ በዚያ ዘመን ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላን ገና ያልጠፋ ስለመሆኑ፣ በተቻለኝ መጠን በቀላሉ አስረዳሁ። ሰዎቹ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ከቄሱ ቀጥሎ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአያ ሞላ ዕድሜ የሚተካከሉ፣ ደቃቃ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሰው ናቸው፤ አያ ባዘዘው ይባላሉ።

«ይህችን አንተ ነህ የሠራሃት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«በእጅህ?»

«በእጄ።»

«እንግዲያውማ ሦስት ክንፍ አድርግላት ብንልህም ታደርግላት ነበራ።»

ቤቱ ሳቀ። በጨዋ ደንብ ነው የሳቁት፤ ሳቅ ግን ሳቅ ነው። አያ ሞላ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

ነገሩ እውነት ስለሆነ መከራከር አልቻልኩም። ሞዴል የሠሪው ፈቃድ ነው። ብረቱም ቢሆን የአውሮፕላን መሆኑን እንጂ ክንፎቹን አያሳይም፤ እኔ በስሌት የማምነውን ሰዎቹ በምን ይመኑ? የአያ ሞላን አንገት ሳይ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስለ ቀለም ሲቆጨኝ የነበረው ነገር ሁሉ ቀለለብኝ። ያን ሰዓት የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኚህ ሰው በገዛ ቤታቸው ዳግመኛ እንዳይሳቅባቸው።

«አያ ተሰማ ራሳቸው ምን ነበር ያሉት?» ብዬ ጠየቅሁ። «ቃል በቃል የሚያስታውስ አለ?»

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ አያ ሞላ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ባዘዘው፣ ግጥሙን በለው እንጂ። አንተ አይደለህ የገጠምከው?»

«ተው እንጂ ሞላ፣ በማርያም ጽዋ ላይ…»

«በለው ብያለሁ።»

አያ ባዘዘው ሳቃቸው ጠፋ። ዋንጫቸውን አስቀመጡና ያለ ዜማ፣ እንደሚከሰስ ሰው፣ ይህን አሉ፦

የተሰማ አውሮፕላን፣ ክንፍ ያነባበረ፣
ምሰሶው ጠጥቶ፣ ዘሞ የሰከረ፣
ሱሪውን ታጥቆ፣ በሰማይ ያደረ፣
ነጂው አናቱን፣ ለብርድ የገበረ።

ይልቃል ወደ እኔ ዞረ። እኔ ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

«አያ ባዘዘው፣ ምሰሶው ሰከረ ያሉት ለምንድን ነው?»

«ተሰማ ነዋ ያለው! በሁለቱ ክንፍ መሐል ምሰሶ አለ፤ ምሰሶው ግን እንደ ቤት ምሰሶ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ዘሟል፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ አዘንብሏል ይል ነበር። ታዲያ ዘሞ የቆመ ምሰሶ ምን ያነሳል? ጠጥቶ ይሆናላ ብዬ ገጠምኩበት።»

ሞዴሉን አንስቼ በአፍንጫው በኩል ወደ እሳቸው አዞርኩት። የሲ.አር. 42 መለያ ይኸው ነው። የጠላቱ የእንግሊዙ ባለ ድርብ ክንፍ ምሰሶዎች ከፊት ሲያዩዋቸው ትይዩ ሆነው ይቆማሉ፤ የዚህ ግን እንደ ጎጆ ጣሪያ ወራጅ አንዱ ወደ ሌላው ያዘነበለ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አውሮፕላኑን ቆሞ ያየ ወይም እንደ እኔ ዕድሜውን በሥዕል ላይ የፈጀ ብቻ ነው።

«ሱሪውስ?»

«እግሩ ሱሪ ለብሷል ይል ነበር፤ እስከ ጎማው ድረስ።»

ከኪሴ የክብሪት ቀፎ አወጣሁ። የጎማውን መሸፈኛዎች ይህኛው አውሮፕላን ይልበሳቸው አይልበሳቸው ስላላወቅሁ ሳላጣብቅ በዚያ ውስጥ ይዣቸው ነበር። ሁለቱን በወረንጦ አንስቼ በእግሮቹ ላይ አለበስኳቸው። ሱሪ ናቸው። ከኋላ የነበሩት ሰዎች ለማየት ተነስተው መጡ። ስለ መጨረሻው ስንኝ ማንንም አልጠየቅሁም። ጣቴን ሽፋን በሌለው የነጂው መቀመጫ ላይ አኖርኩ፤ አናቱ ውጭ ነው የሚቀረው።

«ይህን ስሠራው ግጥማችሁን ሰምቼ አላውቅም» አልኩ። «ይልቃልም አያውቀውም።»

አያ ባዘዘው ሞዴሉን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን አዙረው በአንድ ዓይናቸው ከፊት ለፊት አዩት፤ ብዙ ጊዜ አዩት።

«እውነትም ሰክሯል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሞዴሉን ሳይመልሱልኝ ወደ አያ ሞላ ዞሩ። «ሞላ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ሳስቅበት ኖርኩ። ይቅር በለኝ።»

አያ ሞላ ተነስተው ጠላ ቀዱላቸው። ዋንጫው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ አላቆሙም። ቄሱ የይቅርታ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ በኋላ ሰው ስለ ድንች ዋጋ ማውራት ጀመረ፤ እኔም ደስ አለኝ።

መመለስ

ሳይመሽ መንገድ ለመያዝ ተሰናበትን። እትዬ ጥሩወርቅ ቆሎ በፌስታል ቋጥረው ሲሰጡኝ ድንገት አንድ ነገር ታየኝ። ያንን ቀለም በዚህ ዓለም ላይ በመጨረሻ ያዩት ሰው ፊቴ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ሲፈትጉት የለቀቀው ነገር መልኩ ምን ይመስል ነበር?»

«ምኑ? ያ ችኮው? ከሥሩ ያው እንደ ደረሰ ገብስ ነው፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ። በላዩ ደግሞ አረንጓዴ ጠብ ጠብ ያለበት፣ የጅግራ ላባ ነበር የሚመስለው። ያጠብኩበት ውኃ ራሱ ቅጠል መሰለ።» ፊቴን አዩት። «ምነው፣ ባልነካው ይሻል ነበር እንዴ?»

«ኧረ እንኳን ነኩት» አልኩ። ግማሽ ውሸት ነው፤ ማርያም ይቅር ትበለኝ።

አያ ሞላ እስከ መንገዱ ሸኙን፤ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ለቀቁት። በማግስቱ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ገባሁ። ያው ኬላ ላይ ሌላ ፈታሽ ካርቶኑን ሲያስከፍተኝ «ሲ.አር. 42 ነው» አልኩት፤ ምን እንደገባው እንጃ፣ አሳለፈኝ።

ባለቤቴ «ቀለሙን አገኘኸው?» ስትለኝ አዎ አልኳት። ሞዴሉን በደረሰ ገብስ መደብ ላይ አረንጓዴ ጠብ ጠብ አድርጌ ቀባሁት። በቴሌግራሙ ቡድን ማስረጃህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ብረቱን ያጠቡት ሴት ናቸው አልኩ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ሳቁ እኔ ላይ ሲሆን አያ ተሰማን በጥቂቱ አወቅኋቸው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ያየ ሰው የሚለውን፣ ባይገጥምም እንኳ፣ እስከ መጨረሻው መስማት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከሞዴሉ ጋር የመጣ ትንሽ ነጂ አለ፤ መቀመጫው ላይ ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚለውን መወሰን ነበረብኝ። ለአያ ሞላ ደወልኩ።

«አያ ሞላ፣ አውሮፕላኑ ከወደቀ በኋላ ነጂው ምን ሆነ? ሞተ ወይስ ተረፈ? አባትዎ ምን አሉ?»

 

«እሱን አላውቅም ልጄ» አሉ። «አባቴ የነጂው አናት ላይ ሲደርስ ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሲናገር የሰማው ሰው የለም።»